የሟቹ ቀይ መኪና

«ትሬንት… መኪናዬስ?»

ሽማግሌው ዌንዴል ገና ከሆስፒታል መመለሳቸው ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ሁለት ወር ያህል ተኝተዋል። ባለአራት እግር ምርኩዛቸውን እየገፉ በቀጥታ የሄዱት ወደ ጋራዡ ነው።

ጋራዡ ባዶ ነው…

«ሸጥኳት አባዬ» አለ ልጃቸው፣ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል። «ለሕክምናህ ነው። ውክልና ሰጥተኸኝ የለ?»

ቀይ ተንደርበርድ ናት። የ1957 ሞዴል፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ።

ዌንዴል በወጣትነታቸው አንድ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ዶሮዎች እንቁላል ሲጥሉባት ነው ያገኟት። ከፋብሪካ ሲወጡ ማታ ማታ ከባለቤታቸው ከሎሬታ ጋር ዝገቷን እየፋቁ፣ ሞተሯን እየፈቱ እየገጠሙ፣ ስንት ዓመት ለፍተው አዲስ አደረጓት። የወንበሮቹን ቆዳ የሰፋችው ራሷ ሎሬታ ናት።

ሎሬታ አሁን በሕይወት የለችም…



«እሺ ልጄ። ለኔው ብለህ ነው» አሉ ዌንዴል።

በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ኮኮሞ ከተማ በየበጋው ዋናው መንገድ ይዘጋና የድሮ መኪኖች ይሰለፋሉ። ዌንዴል ቀርተው አያውቁም።

«አባዬ፣ ዘንድሮ ይቅርብህ» አለ ትሬንት ደውሎ። «ፀሐዩ አይቻልም። እኔም ሥራ አለብኝ፣ ልወስድህ አልችልም።»

ጎረቤታቸው ኧርል ግን መኪናውን በር ላይ አቁሞ ክላክሱን አንባረቀው።

«ና ውጣ አንተ ሰውዬ! እዚያ ቤት ውስጥ ሻጋታ ልታበቅል ነው?»

ሄዱ። ኧርል የሚጠጣ ነገር ሊገዛ ሲሰለፍ፣ ዌንዴል ቀስ እያሉ በመኪኖቹ መሀል ማዝገም ጀመሩ…

አዩዋት!

ልባቸው ዘለለ። ሰው ከቧታል። ቀለሟ ያብረቀርቃል። ሎሬታ የሰፋችው ወንበር እንዳለ ነው።

ጠጋ ሲሉ ከጎኗ የቆመ ሰሌዳ ተመለከቱ። የድሮ ፎቶ ተለጥፎበታል… እሳቸውና ሎሬታ፣ መኪናዋን ተደግፈው ሲስቁ።

ከፎቶው ሥር በትልልቁ ተጽፏል።

«ለዌንዴል ክራውስ መታሰቢያ። ነፍሱ በሰላም ትረፍ።»

ደግመው አነበቡት…

«ያውቋቸው ነበር አባባ?» አለች አንዲት ጎልማሳ ሴት። ቬራ ትባላለች፤ መኪናዋን የገዛችው እሷ ናት። ፎቶው ላይ ያለው ጎረምሳና ይሄ ጎባጣ ሽማግሌ አንድ ሰው መሆናቸውን በምን ትወቅ?

«ትንሽ ትንሽ» አሉ ዌንዴል። «በምን… በምን ሞቱ?»

«በልብ ድካም ነው። ልጃቸው ሲነግረኝ ስቅስቅ ብሎ ነው ያለቀሰው። ሌት ተቀን ከአልጋቸው አልተለየም። እጁን እንደያዙ ነው ያሸለቡት… እውነቱን ልንገርዎት? ሌላ መኪና ልገዛ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ሳይ አንጀቴን በላኝና ይቺን ገዛሁ።»

ዌንዴል ምርኩዛቸውን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

ትሬንት በዚያ ሁሉ ጊዜ ሆስፒታል ብቅ ያለው አንዴ ብቻ ነው… ውክልናውን ሊያስፈርም!

«ዛሬ ንግግር እንዲያደርግ ጋብዤዋለሁ» አለች ቬራ። «ያውልዎት፣ መድረክ ላይ ወጣ።»

እውነትም ትሬንት ነው። ሥራ አለብኝ ያለው ትሬንት። ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ማይክ ጨብጦ።

«አባቴ…» አለ አንገቱን ሰበር አድርጎ። «አባቴ በመጨረሻዋ ሰዓት እጄን ያዘና… 'ልጄ' አለኝ…»

ሰው እንባውን ይጠርጋል።

ዌንዴል ሕዝቡን እየሰነጠቁ ሄደው ከመድረኩ ሥር ቆሙ።

ትሬንት ቀና አለ…

ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

«ቀጥል እንጂ ልጄ» አሉ ዌንዴል። «ከዚያስ ምን አልኩህ?»



ኧርል ሁለት ብርጭቆ ይዞ ከኋላ እየተጋፋ «ዌንዴል! የት ገባህ አንተ?» ብሎ ሲጮህ ነው ቬራ የገባት። ሰሌዳውን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ አፏን በእጇ ያዘች።

«ይውሰዷት… የእርስዎ ናት» አለቻቸው ጠጋ ብላ፣ እያለቀሰች።

«የለም። አንቺ በሐቅ ነው የገዛሽው። ያንን ሰሌዳ ብቻ አንሺልኝ።»

ትሬንት እየሮጠ ኧርል መኪና ጋ ደረሰባቸው።

«አባዬ ስማኝ! ታሪክ ያላት መኪና ቶሎ ትሸጣለች ብዬ እኮ ነው…»

«ለምን ሸጥካት አላልኩህም። በወሬ የያዝከውን እጄን፣ በቁሜ ምነው አንዴ ብትይዘው?»

የትሬንት ፊት ደም መሰለ።

«ሁለት ወንበር ብቻ ነው የነበራት!» ብሎ ጮኸ። «በየእሁዱ አንተና እማዬ ነፋስ ልትቀበሉ ስትወጡ፣ እኔ መስኮት ላይ ተለጥፌ ነው ያደግኩት! አንተስ መቼ ያዝከኝ?»



እውነት ነበር።

ኧርል በሩን ዘጋላቸውና ሄዱ።

ዌንዴል ውክልናውን ሻሩ። ትሬንት አሁንም ይደውላል፣ እሳቸው አያነሱም። ስልኩ ጮኾ ጮኾ እስኪያበቃ ግን ከአጠገቡ ንቅንቅ አይሉም…

ወዳጆቼ፣ የትሬንት ሥራ ነውር ነው። እኔ ጠበቃ አልቆምለትም። አባቱን በቁሙ ቀብሮ መኪናውን የሸጠ ልጅ ምን ይባላል? ግን ደግሞ ያ መስኮት ላይ የነበረው ሕፃን ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ለቀብር ያስቀመጣችሁት እንባ ለቆመ ወላጅ አይጠቅምም። ልጅ ያላችሁም፣ በምትወዱት ነገር ላይ ለልጃችሁ መቀመጫ አስቀሩለት።

እስቲ ሳትደብቁ ጻፉልኝ… እናንተ ዌንዴልን ብትሆኑ፣ ያንን ስልክ ታነሱት ነበር?