ስም የሌለው ሬሳ

«ሟቹ ማን ይባላል?» አሉ እትዬ ወለተ ሩፋኤል፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያጠበቁ።

ከፋለ የያዘውን ጽሑፍ አገላበጠ። ለአብዮት በዓል የሚሠራውን የተማሪዎች ፊልም የደረሰውም የሚያዘጋጀውም እሱ ነው። ወረቀቱ «ሟች ጭሰኛ» ይላል፤ ሌላ የለም። ገዳዩ «ባላባት»፣ አልቃሿ «እናት»። ክረምቱን ሙሉ ሲከራከሩበት ከርመው፣ መደብ ሲጽፉ ሰው ረስተዋል።

«ስም የለውም፣ እትዬ።»

«ክርስትና አልተነሣም?»

ቀበሌው ለቀስተኛ እንዲሆኑ ወደ አውድማው ያስወጣቸው ሴቶች ሳቁ። ቃሬዛው ላይ በጋቢ የተጠቀለለው ሬሳ ጭድ ነው፤ ከተማሪው መካከል ሬሳ ሆኖ የሚተኛ ጠፍቶ።

«ያለ ስም አይለቀስም፣ ልጄ። ስም ስጠኝ። አለዚያ እኔ ስም አላጣም።»

የትኛውን ስም እንደሆነ ከፋለ ገባው። አልቃሿን የጠራቸው ካሜራ ያዡ ሞላ ነው፤ በሙሾ የሚደርስባቸው የለም ሲሉ ሰምቶ። ሞላ ዘንድሮ ከሙጃ የመጣ ነው። አንድ ልጃቸው፣ ፍንጭቱ ጋሻዬ፣ ከዚሁ ትምህርት ቤት ተወስዶ እንደተገደለ፣ «ለአናርኪስት አይለቀስም» ተብሎ ደጃቸው ላይ ዘብ እንደቆመ፣ እስከ ዛሬም እንባቸውን ውጠው እንደኖሩ አያውቅም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ልምምዱን የሚያየው ካድሬ፣ ጓድ ወርቅአገኘሁም፣ ከደሴ ተዛውሮ ከመጣ ገና ወሩ ነው። የጋሻዬ ስም ካፋቸው ከወጣ ግን ዛሬውኑ ያውቃል፤ ተማሪዎቹም ጋሻዬ የሄደበት ይሄዳሉ።

«ምን ትጠብቃላችሁ፣ ጓዶች?» አለ ካድሬው። «ፀሐይዋ ለእናንተ ብላ አትቆምም።»

«ታፈረ በሉት» አለ ከፋለ።

«በስመ አብ» አለች አንዲት ሴት። «ታፈረ የኔ ልጅ ነው። ሞት ወደ ቤቴ አትጥራብኝ።»

«እሺ፣ ፈንታው።»

«ወንድሜን ተው» አለች ሌላዋ። «የራስህ ዘመድ የለህም?»

ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው» ብለው የትምህርት ቤቱን ግንብ በቀይ ቀለም የለቀለቁት እነዚሁ ጀግኖች ነበሩ። አንዱም ስሙን አላዋሰም። ሞላ ባዶውን ካሜራ እንደሚያስተካክል ሰው አቀረቀረ፤ ያላቸው አንድ ጥቅል ፊልም ስለሆነ ለልምምድ አያባክኑትም።

እትዬ ወለተ ሩፋኤል ትንፋሽ ሳቡ፤ አፋቸው ተከፈተ።

«ከፋለ በሉት» አለ ከፋለ ተጣድፎ።

እናቱ እዚህ አለመኖሯ በጀው። አልቃሿ ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ደረታቸውን መቱ።

«ፍንጭቱ ከፋለ፣ ሳቅህ የሚያበራ፣
ማን አፈር ጫነብህ፣ እናትህ ሳትጠራ።»

ድምፃቸው ጭዱን ሰው አደረገው። ሲሳቅ የነበረው ቀረ። አንዷ ሴት ሆዷን ይዛ ተንበረከከች፣ ሌላዋ ተከተለቻት፣ አውድማው ሙሉ እዬዬ ሆነ። ይህ ማስመሰል አይደለም። ፍንጭቱ ማን እንደነበረ፣ የማን ሳቅ እንደነበረ የማያውቅ የላሊበላ ተወላጅ የለም። ከፋለ «ይበቃል» ማለት ነበረበት፤ አላስቆመም። የሚለቀሰው በእሱ ስም ነው፤ ሬሳው ግን እሱ አይደለም። ደግሞ መሆኑም አይቀር ይሆናል።

ካድሬው ተነሥቶ አጨበጨበ።

«ግሩም ነው። የባላባት ግፍ እንዲህ ነው የሚታየው።» እየተንጎራደደ መጥቶ ከፋለ ፊት ቆመ። «የራስህን ስም ሰጠሃቸው?»

ከፋለ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ፍንጭት ነህ እንዴ? ልብ አላልኩም።» ፈገግ አለ። «እስቲ ሳቅ።»

ከፋለ ጥርሱ ግጥም ያለ ነው። ከንፈሩን ገጠመ።

እትዬ ወለተ ሩፋኤል ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ቀረቡ። ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው አካሄዳቸው ቀልሏል።

«ነገስ በስንት ሰዓት ልምጣ፣ ልጄ?»

ካድሬው አፉን አፉን ያየዋል። መልስ ለመስጠት አፉን መክፈት ነበረበት።