አስተርጓሚዋ ያለችበት ቦታ

ማራገቢያው ሲቆም ሀና ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ነበረች። ድምፅዋን ሳትቀይር በግራ እጇ የስልኳን ኢንተርኔት ከፈተች፣ ላፕቶፑን አገናኘች፣ ዓረፍተ ነገሩንም ጨረሰች። ማዶ ያሉት ሁለት ሰዎች መብራት እንደሄደባት አላወቁም።

ማዶ ማለት የአንድ አውሮፓ አገር የስደተኞች ቢሮ ነው። የምስራች የምትባል ወጣት ጥገኝነት ጠይቃ ቃሏን ትሰጣለች፤ መርማሪው በእንግሊዝኛ ይጠይቃታል፤ ሀና በኢንተርኔት ታስተረጉማለች። እንግሊዝኛው አንቱና አንቺ አይለይም። ሀና «አንቺ»ን መርጣለች፤ «እርስዎ»ን ለዚህች ማባከን አልፈለገችም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ስትሰማው የኖረችው ታሪክ ነው። ደላላ፣ የእግር መንገድ፣ ጅቡቲ፣ ጀልባ፣ የመን። ሁሉም ከአንድ ደብተር የገለበጡት ይመስላታል። ለመዋሸት እንኳ የማይለፉ ሰዎች ናቸው እያለች ለጓደኞቿ ታወራለች፤ ጓደኞቿም ይስቃሉ።

እሷ ራሷ ጅቡቲ ከገባች አምስተኛ ቀኗ ነው። ለቪዛ ቀጠሮ በባቡር መጥታ ናጋድ ጣቢያ ወረደች፤ ካርቲየ ሁለት በሚባል ሰፈር ከወይዘሮ ደብሪቱ ቤት አንድ ክፍል ተከራየች። ፓስፖርቷ ኤምባሲ ገብቶ ቀረ። የሚያሠራት የአስተርጓሚ ድርጅት አዲስ አበባ ካስመዘገበችው ቤቷ ውጭ እንዳትሠራ በውል ከልክሏታል፤ የሰው ምስጢር ነው የምትሰማው። ስለዚህ ላፕቶፑ አዲስ አበባ ያለ የሚያስመስል ቪፒኤን ጫነች፣ የጅቡቲ ሲም ገዛች፣ ካሜራውን ዘጋች። ግቢው የከባድ መኪና ሾፌሮች ማደሪያ ነው፤ ጫጫታቸው እንዳይሰማ መስኮቱንም በሩንም ጥርቅም አድርጋ ቆልፋለች። ሾፌሮቹን ሰላም ብላቸው አታውቅም።

መርማሪው የምስራች ከደላላው ለምን እንደሸሸች ጠየቀ።

የምስራች ስትመልስ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ዘጠኝ ሆነው አንድ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸው ነበር። ወሩ ሐምሌ ነበር። ረፋድ ላይ መብራት ሄደና ማራገቢያው ቆመ። አበሩ የምትባል አብራት የመጣች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ መጀመሪያ አላበች፣ ከዚያ ማላቡን ተወች፣ ከዚያ መቀባጠር ጀመረች። በሩን ደበደቡት፤ የከፈተ የለም። ማታ ደላላው ሲመጣ አበሩ ሞታ ነበር። የምስራች የሸሸችው ያን ማታ ነው።

ሀና ይህን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ መለሰች። ላቧ ከአገጯ ወርዶ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። በመዳፏ ጠረገችው።

መርማሪው ሳቅ ብሎ አስተያየቱን ሰጠ። ሀናም ግዴታዋ ነውና በእሱ ቦታ ሆና ተናገረች።

«ጅቡቲ ዋና ከተማ ነው፣ ትልቅ ወደብ ያለበት። አንዲት ጤነኛ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ መብራት ስለሄደ ብቻ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ሞተች ነው የምትዪኝ? እኔም ሞቃት አገር ለዕረፍት ሄጄ አውቃለሁ። አላምንሽም።»

«አላምንሽም» የሚለው ከገዛ አፏ ሲወጣ ሰማችው። ስክሪኑ ላይ ያሉት ፊደሎች ይዋዥቁባታል፤ ሙቀቱ ይሁን ሌላ ነገር አልለየችውም።

በሩ ተንኳኳ። ሀና ድምፅዋን ዘጋች።

«ልጄ፣ ክፈቺው እንጂ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «መብራቱ ማታም ላይመጣ ይችላል። በዚህ ወር በሩን ዘግቶ መቀመጥ ሰው ይገድላል።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራው ይቆይሽ!» ሴትየዋ ትንሽ ጠብቀው ጫማቸውን እየጎተቱ ሄዱ።

የምስራች አንገቷን ደፍታ ጣቶቿን ትቆጥራለች። መርማሪው ሌላ የምትጨምሪው ከሌለ ይህን ነጥብ እዘጋዋለሁ አለ። ሀና ይህንንም አስተረጎመች። አስተርጓሚ ከራሷ አውጥታ መናገር የሚፈቀድላት መስመሩ ችግር ሲገጥመው ብቻ ነው። ሰው እንዲህ በቀላሉ ሲናቅ ብዙ ጊዜ ሰምታለች፤ ዛሬ ግን ንቀቱ የሷም እንደነበረ አፏ ውስጥ ቀመሰችው።

ድምፅዋን ከፈተች።

«አስተርጓሚዋ የመስመር ችግር ማሳወቅ ትፈልጋለች» አለች በእንግሊዝኛ። «ያለሁት አዲስ አበባ አይደለም፣ ጅቡቲ ከተማ ነው። መብራት ከሄደ አርባ ደቂቃ ሆኖታል። ክፍሉ ዝግ ነው። ዓይኔ በደንብ አያይም። በማንኛውም ሰዓት ልቋረጥ እችላለሁ። እባክዎ መዝገቡ ላይ ይስፈርልኝ።»

ከዚያ ያንኑ በአማርኛ ለየምስራች ነገረቻት።

መርማሪው የት ነኝ እንዳለች ደግማ እንድትነግረው ጠየቃት። ነገረችው። የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ፤ እየጻፈው ነው። ወዲያው ከስክሪኑ ጥግ መስመሩን የሚያዳምጠው የድርጅቷ ተቆጣጣሪ መልእክት ብቅ አለ፤ ይህ ቃለ መጠይቅ እንዳበቃ አካውንቷ እንደሚዘጋ ይናገራል። ሀና አንብባ አጠፋችው።

የምስራች ቀና ብላ ካሜራውን አየች። «እህቴ» አለች፣ «ሙቀቱ አሁንም እንደዚያው ነው?»

ሀና ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ለመርማሪው አቀረበች።

«ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም» አለ መርማሪው። «ይህንኑ ይንገሯት።»

«እንደዚያው ነው» አለች ሀና በአማርኛ። «ምንም አልተለወጠም፣ እህቴ።»

የምስራች ራሷን ነቀነቀች። መርማሪውም ያለው የደረሳት መስሎት ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።