የአንዲት ሚዛን ግዢ

የግዢ ክፍል ኃላፊው እውነተኛ ስም ከፔሮል ላይ በቀር የትም አይገኝም። ዩኒቨርሲቲው በሙሉ «ጋሽ ይመለስ» ነው የሚላቸው፤ እጃቸው የገባ ማመልከቻ ሁሉ «ይመለስ» ተብሎ፣ ተፈርሞበት ስለሚወጣ። የግዢ መመሪያው ሰማንያ ስድስት ገጽ ነው። በቃላቸው ያውቁታል። የልጆቻቸውን ዕድሜ ግን ባለቤታቸውን ይጠይቃሉ።

በዚያ ሰሞን ሹመት እየጠበቁ ነበር። የምክትል ፕሬዚዳንቱ ወንበር ባዶ ነው፤ ጋሽ ይመለስ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዓይናቸው ሲለኩት ኖረዋል። የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በፕሬዚዳንቱ ፊት ሌባ መያዝ።

ሌባዋም በእግሯ መጣች። አንዲት ተመራማሪ፣ ዶክተር፣ ለጥናቷ በተሰጣት ገንዘብ አንዲት ትንሽ የላቦራቶሪ ሚዛን እንዲገዙላት ጠየቀች።

«ሦስት ፕሮፎርማ» አሏት።

በሳምንቱ ይዛ መጣች።

«የአንዱ ማኅተም ደብዝዟል። ይመለስ።»

«እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ» አለችና ቀኑን ደብተሯ ላይ ጽፋ ወጣች።

ቀጥሎ የዲኑ ፊርማ ከመስመሩ ወርዶ ተገኘ። ይመለስ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ሌላ ሚዛን አለመኖሩን ንብረት ክፍል በደብዳቤ ያረጋግጥ ተባለ። ንብረት ክፍል «አለ» ብሎ ጻፈ። ቢታይ ክሊኒኩ በር ላይ የተገተረው የሰው መመዘኛ ነው፤ ያውም የተሰበረ። ጋሽ ይመለስ «ሚዛን ሚዛን ነው» ብለው ሁለት ወር ያዙት።

ሴትየዋ አልጮኸችም። አማላጅ አልላከችም። በተመለሰች ቁጥር አመስግና፣ ቀን ጽፋ ትሄዳለች። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳቸው።

«ንጹሕ ሰው ብትሆን እስካሁን ይሄን ጠረጴዛ ትገለብጥብኝ ነበር» አሉ ለጸሐፊያቸው። «ከሻጩ ጋር ባትነካካ እንዲህ ትታገስ ነበር?»

«ኧረ ጋሼ፣ ጨዋ ልጅ ናት። ምናለ አንዴ ወረቀቷን አንብበው ቢገላግሏት?»

«ቅጽ ይመረመራል እንጂ አይነበብም! ዛሬ ለእሷ ብንለቅ ነገ ግቢው ሁሉ ይመጣል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።»

ጸሐፊዋ ምን ታድርግ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አሥራ አንድ ወር ሞላ። ጋሽ ይመለስ «ሌባ ይዣለሁ» ብለው ፕሬዚዳንቱም ዶክተሯም ያሉበት ስብሰባ አስጠሩ። ጠዋት ባለቤታቸው ከረባታቸውን እያስተካከለች «ዛሬ ሹመትህን ይዘህ ና» አለቻቸው። ደስታቸው ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ሁለት ሁለት አዘለላቸው።

«ክቡር ፕሬዚዳንት» አሉ ፋይሉን ከፍ አድርገው፣ «ይቺን ሴት አሥራ አራት ጊዜ መልሻታለሁ። አሥራ አራቱንም ፈርሜ! አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረመችም። ይሄ የጤና ነው? ሚዛኗ ለምን እንዳስፈለገቻት እዚሁ ትናገር!»

ፕሬዚዳንቱ ወደ ዶክተሯ ዞሩ።

«ሚዛኗ እንኳ ብትቀርም ግድ የለኝም» አለች ዶክተሯ ረጋ ብላ። «ጥናቱ ስለ ምን እንደሆነ ቅጹ ራስጌ ላይ ተጽፏል። ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ያንብቡልን።»

ጋሽ ይመለስ ሳቁ። እንዲህ በቀላሉ እጇን ትሰጣለች ብለው አልጠበቁም። መነጽራቸውን አደረጉና፣ የኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብለው አነበቡ፦

«የግዢ ኃላፊዎች የሚፈርሙበትን ቅጽ እስኪያነቡ ድረስ የሚፈጅባቸው ጊዜ።»