መኪናዋ ሳይሰማ

ቡአላይ የእናቷን የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ዝቅ አደረገች። ነጩ ቢጫ ሆኗል። የሜኮንግ ወንዝ ዳር ሰዎች በጥሬው ከሚበሉት ዓሣ ወደ ጉበት የሚገባውን ትል ስታጠና ፀጉሯ ሸብቷልና፣ የእናቷ ጉበት ማለቁን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አላስፈለጋትም።

"እማዬ፣ እኛ ቤት ሁሌ የበሰለ አይደል የሚበላው?"

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ጊዜ ጎረቤታቸው ካምፖን የተከተፈ ጥሬ ዓሣ ከሩዝ ጋር በሳህን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ ድምፅዋ ተሰማ። "እማማ፣ ሎሚውን አብዝቼበታለሁ፤ ሎሚ ራሱ ያበስለዋል! ያቺ የትል እመቤት..." ቡአላይን ስታይ ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ቡአላይ መኪናዋ ተበላሽታ በአውቶቡስ ስለመጣች፣ መምጣቷን የሰማ የመንደሩ ሰው አልነበረም።

"ግቢ፣ አየችን እኮ" አለች እናቷ በደከመ ድምፅ። "መኪናሽ ድልድዩ ላይ ሲሰማ መንደሩ ሁሉ ዓሣውን እሳት ላይ ይጥድ ነበር፣ ልጄ። ይህን ያህል ለፍተሽ እንዳታዝኚ ብለን ነው።"

 ቡአላይ ሳህኑን ከካምፖን ተቀበለች፤ ከሩዙ ቆንጥራ በጣቶቿ አድበለበለች፤ ጥሬውን ዓሣ ጨመረችበትና ሰሞኑን እህል ወዳልቀመሰው የእናቷ አፍ አቀረበችው።