የቀኙ ጎማ

ጋሽ ሽብሩ ልጃቸው ወንድይራድ ከሞተ ወዲህ ምራታቸውን ስንታየሁን አነጋግረዋት አያውቁም። ባልና ሚስቱ የተሳፈሩባት የጋሽ ሽብሩ መኪና መቂ መንገድ ላይ ከድልድይ ስትወድቅ መሪውን የያዘችው እሷ ነበረች። በለቅሶው ቀን «መሪው እምቢ አለኝ» ስትል፣ «ልጄን ገድለሽ በብረት ታሳብቢያለሽ?» ብለው በሰው ፊት ጮኹባት። ከዚያ ወዲያ ስለ መሪው ትንፍሽ አላለችም።

ዓመት ሲሞላው መኪናዋን ለመሸጥ ቆረጡ። ያለቁትን የመሪ ዕቃዎች ራሳቸው ሊቀይሩ ግቢያቸው ውስጥ በክሪክ አነሷት። የግራውን ቀየሩ። ወደ ቀኙ ጎማ ሲዞሩ ግን መሪውን ከጎማው የሚያያይዘው ብረት ተላቆ ተንጠልጥሏል፤ ዳዶውም የለም።

ያንን ብረት ከአደጋው አንድ ሳምንት ቀደም ብለው የገጠሙት እሳቸው ነበሩ።

የመፍቻ ሳጥናቸውን በረበሩ። ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግደው ሽቦ ከሳጥኑ ሥር ተገኘ፤ ከነላስቲኩ፣ ሳይከፈት።

«ስንታየሁ!» ብለው ተጣሩ።

ከጓሮ ክፍሏ እየሮጠች መጣች። መሬት ላይ እንደተቀመጡ መዳፋቸውን ዘረጉላት።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት። ይህን ሳላስገባ ነው ያሰርኩት።»

ሽቦውን አየችው። አጠገባቸው ቁጢጥ አለችና የተዘረጋውን እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለች። «መኪናዋን የጎተተው መካኒክ በቀብሩ ማግስት ነግሮኛል። ለእርስዎ እንዳይነግር የለመንኩት እኔ ነኝ።»