ጫማዬን ያዝልኝ

መሳይና ታላቅ ወንድሙ ደምለው ልጆች ሳሉ፣ አክስታቸው ከሮም የላከችላቸውን «አምስቱ ዘቦች» የተባለ የጀግኖች የሥዕል መጽሔት ሲያገላብጡ ይውሉ ነበር። ጣልያንኛ ስለማይችሉ ንግግሩን ከራሱ የሚፈጥረው ደምለው ነው። ሰማያዊ ጭምብል ያጠለቀውን ጀግና ባሕር ሊገባ ሲል ሁልጊዜ «ጫማዬን ያዝልኝ!» ያሰኘዋል፤ እነሱ ወንዝ ሲወርዱ እንደሚባባሉት።

ካደጉ በኋላ ወደ ጣልያን ባሕሩን ሊሻገሩ በአንድ ጀልባ ተሳፈሩ። ሮም የደረሰው መሳይ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ተቋርጦ የኖረው መጽሔት እንደገና መታተም ሲጀምር፣ መሳይ ፒኜቶ ሰፈር ካለው ጋዜጣ ሻጭ ገዝቶ ከሚስቱ ከሕሊና ጋር ትራም ላይ ገለጠው። ሰማያዊው ጀግና ባሕሩ ዳር ቆሟል። መሳይ ጣልያንኛውን አነበበና ሳቀ።

«ምን ተገኘ?» አለች ሕሊና።

«ጫማዬን ያዝልኝ ይላል!»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ያስቃል?»

የደምለው ፈጠራ እኮ ነው ሊላት አፉን ከፍቶ፣ መልሶ ጽሑፉን አነበበው። ያንን ቃል ከሁለቱ ወንድማማቾች በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ገጹን ገለጠ። ጀግናው ከባሕሩ ወጥቷል፤ በባዶ እግሩ ነው፤ ውሃ እያንጠባጠበ እጁን ወደ አንባቢው ዘርግቷል።

ሕሊና አንገቷን አስግጋ አየችና፣ «ውይ፣ ይሄኛውማ በአማርኛ ነው!» አለች። ጮክ ብላም አነበበችለት።

«መስዬ፣ ጫማዬስ?»