የፊት ለፊቱ ግድግዳ

ዜማ ሉማሜ ያለውን የእናቷን ቤት ልታድስ አስባ፣ ደብረ ማርቆስ ቢሮዋ ውስጥ ተቀምጣ ለፊት ለፊቱ ግድግዳ የራሷን የጡብ ንድፍ በኮምፒውተር አዘጋጀች። አንዷን ጡብ አሳምራ ከሠራች በኋላ ኮምፒውተሩ ግድግዳውን በዚያው ጡብ እንዲሞላው አዘዘችው። ሞላው፤ በሩንም አብሮ ደፈነው። አጥፍታ ብትደግመውም በሩ ተመልሶ ተደፈነ። ይኼኔ ስልኳ ጠራ።

«ዜምዬ፣» አለች እናቷ ረጋ ብላ፣ «ልወጣ ብዬ መጋረጃውን ብገልጠው በሩ የነበረበት ጡብ ነው። ግንበኛ ልከሽ ነበር እንዴ?»

ዜማ ንድፉን ልታጠፋው ሞከረች፤ እንቢ አላት። የኮምፒውተሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችው። ስክሪኑ ግን እንደበራ ቀረ፤ ጡቦቹም ቀስ እያሉ ወደ መስኮቱ ይደረደሩ ጀመር።

«እማዬ፣ ቶሎ በመስኮቱ ውጪ።»

«በየትኛው መስኮት ልጄ?» አለች እናቷ።